ስመ ቢስ 600

ድጓ የተማረ ሰው በዜማ ቢከራከር ክርክሩ የሚያልቅበት አገር አለው፤ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም። የትም ይማር፣ ከማንም ይቀጽል፣ «ይህ ቁርጥ ነው»፣ «የለም ርክርክ ነው» ከተባለ ማስመስከሪያው እዚያ ነው። ኮድ የተማረ ሰው በቁጥር ቢከራከርስ ወዴት ይሄዳል? ዓምዳችን ሁለቱን ዓይነት ሰው በአንድ ረከቦት ዙሪያ አስቀምጦ አፋጥጧቸዋል። አንደኛው ከቤተ ልሔም ያስመሰከሩ መሪጌታ ናቸው። ሁለተኛው ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ኮድ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው የአጎታቸው ልጅ ነው። ቡናውን የሚያፈሉት የሁለቱም አክስት፣ እትዬ፣ ናቸው፤ ዳኝነቱም የእሳቸው ነው።

አንደኛ ዙር፦ ወረቀት

ልጁ፦ መሪጌታ፣ እኔም እንደ አንቱ አስመሰከርኩ። ሰርተፍኬቴ ይኸው፣ በስልኬ መጣልኝ።

መሪጌታ፦ ደግ ነው። ያንተ በስልክ መጣ፤ የእኔን በእግሬ ሄጄ ነው ያመጣሁት።

ልጁ፦ አንቱ ለአንድ መጽሐፍ ዕድሜዎን ፈጁ። አገሩ ግን በሐምሌ 2016 «5 ሚሊዮን ኮደሮች» ብሎ ተነሥቷል። ዘመኑ የፍጥነት ነው።

መሪጌታ፦ ሰማሁ። ቪዲዮውን በእጥፍ ፍጥነት እያስሮጥክ ነው አሉ የተማርከው። መምህርህ ሲሮጥ አንተ ምኑን ያዝክ?

ልጁ፦ አኩፋዳ ይዤ ከውሻ ጋር ስታገል አልዋልኩማ!

መሪጌታ፦ እኔ «በእንተ ስማ ለማርያም» ስል ያባረረኝ ውሻ ያስያዘኝን ቃል እስከ ዛሬ አልጣልኩም። አንተን የሚያባርርህ ዋይፋይ ሲቋረጥ ብቻ ነው።

ልጁ፦ ቢሆንም ኮድ ድጓ አይደለም። ያሬድ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያዜመውን ይዞ አይቀመጥም፤ በየቀኑ ይቀየራል።

መሪጌታ፦ የሚቀየረውን ከማይቀየረው ካልለየህ ታዲያ ምኑ ላይ ነው ያስመሰከርከው?

እትዬ፦ አንድ ለዜሮ። አቦሉን ጠጡ።

ሁለተኛ ዙር፦ የዘበኛው ሹመት

ልጁ ዝም ያለው ነገር ስላለ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት የደመወዝ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም እንተወው። በአዋጅ 979/2008 መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 600 ብር ግብር አይነካውም ነበር። ልጁ ይህን 600 በሚያስፈልገው ቦታ ሁሉ እንዲሁ ቁጥሩን ብቻ ጽፎታል፤ እዚህ ሲቀንስ 600፣ እዚያ ሲያወዳድር 600፣ ታች ሪፖርቱ ላይ 600። ፕሮግራመሮች እንዲህ ያለውን ስም የለሽ ቁጥር «ማጂክ ነምበር» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ጠንቋይ ብቻ ስለሆነ ይመስላል።

በ2017 ዓ.ም. አዋጅ 1395 ወጣና ከግብር ነፃ የሆነው ጣሪያ 2000 ብር ሆነ። ልጁ ሌሎቹን የግብር እርከኖች እየተንፏቀቀ አስተካከለ። ወደ 600 ሲመጣ ደከመው። ኤዲተሩን «600 ያለበትን ሁሉ 2000 አድርግ» አለውና አንዲት ቁልፍ ተጫነ።

እትዬ፦ ኧረ ምን አለበት! ሠራተኛውን ጠቀምከው እኮ።

ልጁ፦ ጠቀምኩትማ፣ እትዬ። የትራንስፖርት አበሉም 600 ነበር፤ እሱም 2000 ሆነ።

መሪጌታ፦ አዋጁ ስለ ግብር ነበር፤ አንተ ታክሲም ጨመርክበት።

ልጁ፦ ያስ ቀላል ነው። የዘበኛው ደመወዝ 1600 ነበር።

እትዬ፦ እሱ ደግሞ ምን ሆነ?

ልጁ፦ 600 የምትለዋ 1600 ውስጥ አለች። እሷ 2000 ስትሆን... 12000።

እትዬ፦ በስመ አብ! በር ጠባቂውን ሥራ አስኪያጅ አደረግከው!

መሪጌታ፦ ሹመት ያዳብር። ሌላው ለሹመት እጅ ይነሣል፣ ለዚህ ግን ቁልፍ ተጫኑለት።

ሹመቱ ግን ዕዳ ነበረው። በአዲሱ እርከን ከ12000 ብር የሚቆረጠው የሥራ ግብር 2250 ብር ነው። ሰውዬው እንኳን ደመወዙ፣ ግብሩ ብቻ ከእውነተኛው ደመወዙ በለጠ። አንድ ሰዓት 3600 ሰከንድ መሆኑም እዚያው ኮድ ውስጥ ተጽፎ ነበርና እሱም 32000 ሆነ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል ትርፍ ሰዓት የሠራ ሁሉ አንድ ሰዓት እንደሠራ ተቆጠረለት። የሂሳብ ሠራተኛዋ ሳትፈርም ባታየው ኖሮ ጉዱ ወር ደመወዝ ላይ ይፈነዳ ነበር።

መሪጌታ፦ ስማ፣ ጥፋቱ የቁልፏ አይደለም። ሁለቱ 600 ስም ስላልነበራቸው አንዱን ስትጠራ ሁለቱም «አቤት» አሉህ። ዘበኛውም ከመካከላቸው ተጠርቶ ወጣ።

እትዬ፦ ሁለት ለዜሮ።

ሦስተኛ ዙር፦ ቋሚ ከሆነ ለምን ተቀየረ?

መድኃኒቱ የሦስት መስመር ሥራ ነው። ፓይተን በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላልና ልጁ በፋይሉ አናት ላይ እንዲህ ቢል ይበቃው ነበር፦

ከግብር_ነፃ_ጣሪያ = 2000
የትራንስፖርት_አበል = 600
ሰከንድ_በሰዓት = 3600

ከዚያ በታች ባለው ኮድ ሁሉ ቁጥሩ አይነሣም፤ ስሙ ብቻ ይጠራል። እንዲህ ስም ወጥቶለት፣ አንድ ቦታ ተጽፎ፣ ፕሮግራሙ ሲሮጥ ማንም የማይነካው ዋጋ ኮንስታንት ይባላል። ተለዋዋጩ፣ ማለትም ቫሪያብሉ፣ በአንጻሩ በሥራ ላይ እያለ የሚቀያየረው ነው፤ የዚህ ወር ትርፍ ሰዓት፣ የዚህ ሠራተኛ ስም፣ የደረሰበት ድምር።

ልጁ፦ መሪጌታ፣ እዚህ ላይ ግን ያዝኩዎት። ከግብር ነፃው በ1994ቱ አዋጅ 150 ነበር፣ በ2008 600፣ በ2017 2000። ይህ እንዴት ሆኖ ነው ቋሚ የሚባለው?

መሪጌታ፦ የቀየረው ማነው?

ልጁ፦ ፓርላማው።

መሪጌታ፦ ያንተ ፕሮግራም ሰኞ ጠዋት ደመወዝ ሲያሰላ በመሀል ተነሥቶ ሊቀይረው ይችላል?

ልጁ፦ አይችልም።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ለፕሮግራሙ ቋሚ ነው። ለባለቤቱ ግን አንድ በር አለው፤ አዋጅ ሲወጣ በዚያች በር ገብቶ አንዴ ያርማል። አንተ በሩን ግድግዳው ሁሉ ላይ ቀደድከው።

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቋሚ ማለት እስከ ምጽአት አይነካም ማለት ይመስለዋል። እንዲያ ያለውማ ጥቂት ነው። ኪሎ ሜትር 1000 ሜትር ነው። የክብ ዙሪያ ለዲያሜትሩ ሲካፈል የሚወጣው ፓይም 3.14159 ብሎ ይቀጥላል፤ ይህን የፈጠረው ሕግ የለም፣ የሚሽረውም የለም። አሜሪካ ውስጥ ኢንዲያና እ.ኤ.አ. በ1897 ሞክራው ነበር። ፓይን 3.2 የሚያደርግ ረቂቅ የታችኛው ምክር ቤት 67 ለ 0 አሳለፈው፤ የላይኛው ምክር ቤት ሳያጸድቀው ቀረ። ክቡም ያው ክብ ሆኖ ኖረ።

ሁለተኛው ወገን ሕግ የወለደው ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ ከሠራተኛ የሚቆረጠው ጡረታ 7 በመቶ፣ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ። እነዚህ ዛሬ ቋሚ ናቸው፤ ነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ ግን አንዴ ይከፈታሉ። ሦስተኛው የራስህ ውሳኔ ነው፤ የይለፍ ቃል ስንት ጊዜ ቢሳሳቱ እንደምትዘጋ፣ በአንድ ገጽ ስንት ስም እንደምታሳይ። ሦስቱም የሚጻፉት በአንድ መንገድ ነው። የሚለያዩት ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ ላይ ነው፤ ፈጣሪ፣ ፓርላማ ወይስ አንተ።

አራተኛ ዙር፦ አጫብርስ?

ልጁ ትንፋሽ ሰበሰበና ተነሣ።

ልጁ፦ መሪጌታ፣ ቤተ ልሔም ቤተ ልሔም ይላሉ። አጫብር የለም? ቆማ የለም? ተጉለት የለም? ዜማው አራት ቤት ከተከፈለ ቋሚው የቱ ሊሆን ነው?

መሪጌታ፦ ጎሽ፣ ነቃህ! የቆማ ሰው በቆማ፣ የአጫብር ሰው በአጫብር ይቆማል። ሁሉም በቤቱ ልክ ነው። ጥፋት የሚሆነው አንዱን መስመር በቤተ ልሔም ጀምረህ በአጫብር ስትጨርሰው ነው።

ልጁ፦ እሱማ እኛ ጋም አለ። ሁለት ፋይል ውስጥ አንድ ዓይነት ስም ሊኖር ይችላል፤ የየትኛው ቤት እንደሆነ ከፊቱ ካልጠሩት ይጋጫል።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ታውቀዋለህ። አውቀህ ነው ያጠፋኸው ማለት ነው፤ ንስሐህም በዚያው ልክ ይበረታል።

እትዬ፦ ይህችን ለልጁ እሰጣለሁ። ሁለት ለአንድ። ቶናው ደረሰ።

አምስተኛ ዙር፦ ሁለቱ 19

ነጥብ ያገኘ ልጅ አያርፍም።

ልጁ፦ አንቱም እኮ ባሕረ ሐሳብ ሲያሰሉ ቁጥር ይበትናሉ። እስቲ የ2018ን ትንሣኤ ያውጡልኝ፤ እኔ እቆጥርብዎታለሁ።

መሪጌታ፦ ቁጠር። ዓመተ ፍዳ 5500፣ ዓመተ ምሕረት 2018፣ ድምሩ ዓመተ ዓለም 7518። በ19 ስትገድፈው 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመኑ ተው፤ ወንበር 12። ወንበሩን በጥንተ አበቅቴ በ11 አብዛው፣ 132፤ በ30 ግደፈው፣ አበቅቴ 12። ደግሞ ወንበሩን በጥንተ መጥቅዕ በ19 አብዛው፣ 228፤ በ30 ግደፈው፣ መጥቅዕ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 ካልሆኑ ተሳስተሃል፤ 12 እና 18 ይኸው 30።

ልጁ፦ ማረጋገጫም አላችሁ እንዴ?

መሪጌታ፦ «ቴስት» የምትሉትን ነው? ፊደል ሳትቆጥር ጀምሮ ነበረን። ቀጥል። መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7። 18 እና 7፣ መባጃ ሐመር 25። ነነዌ ጥር 25 ገባች። የትንሣኤ ተውሳክ 69፤ ከ25 ጋር 94። ሦስቱን ወር ጣል፣ 4 ይቀራል። ሚያዝያ 4።

ልጁ፦ ያዝኩዎት! 19ን ሁለት ጊዜ ጠሩ። እኔ 600ን ሁለት ቦታ ስጽፍ ኃጢአት፣ አንቱ 19ን ሁለት ቦታ ሲጠሩ ጽድቅ?

መሪጌታ፦ አንደኛው ንዑስ ቀመር ነው፤ ፀሐይና ጨረቃ የሚገናኙበት የ19 ዓመት ዑደት። ሁለተኛው ጥንተ መጥቅዕ ነው። ዋጋቸው አንድ ነው፤ ስማቸው ሁለት፣ ሥራቸውም ሁለት። እኔ «19ኙን አምጣ» ብዬ ጠርቼ አላውቅም። አንተ ግን «600ውን አምጣ» ብለህ ዘበኛ ይዘህ መጣህ።

ይህችን መልስ ጀማሪ ሁሉ ግድግዳው ላይ ይለጥፋት። ሁለት ቁጥሮች ዋጋቸው ስለተመሳሰለ አንድ ስም አይሰጣቸውም፤ ስም የሚሰጠው ለሥራው ነው። ዛሬ ከግብር ነፃው 2000 ሆኖ የቤት አበሉም 2000 ቢሆን ሁለት መስመር ጻፍ። ነገ አንደኛው ሲለወጥ ሌላው የሚያንቀላፋው ያን ጊዜ ነው።

ልጁ በንዴት ላፕቶፑን ከፈተና ባሕረ ሐሳቡን በፓይተን ጻፈው። ከላይ «ተውሳክ_ትንሣኤ = 69» ብሎ ከታች ሲጠራው «ተውሳክ_ትንሳኤ» አለው። ፓይተን በቀይ ጮኸ፤ እንዲህ የሚባል ስም አላውቅም።

ልጁ፦ ይሄ ደግሞ ምን ሆነ? ያው አይደለም እንዴ!

መሪጌታ፦ ተመስገን! ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ የሚለይ አንድ ተማሪ በመጨረሻ ተገኘ። ዘመድህ ስለሆንክ ነው እንጂ ኮምፒውተሩን ነበር ደቀ መዝሙር የማደርገው።

እትዬ፦ ሦስት ለአንድ። ኮምፒውተሩም ቡና ይጠጣ?

ስድስተኛ ዙር፦ ያላግባብ የቆመ

የተቀጣ ጀማሪ አንድ ጠባይ አለው፤ ከሽሽት ወደ ድፍረት ይዘላል። ኮንስታንት የሚባል ነገር የገባው ቀን ያገኘውን ሁሉ ይቆልፋል።

ልጁ፦ በቃ ገባኝ። ሁሉንም ቋሚ አደርገዋለሁ። ይኸው፤ «አንድ = 1፣ ሁለት = 2፣ ዐሥራ_አምስት = 15»።

መሪጌታ፦ «ዐሥራ አምስት» ነገ 18 ቢሆን ምን ልትለው ነው? ዐሥራ አምስት እኩል ይሆናል ዐሥራ ስምንት?

ልጁ፦ እ...

መሪጌታ፦ ዋጋውን ስም አታድርገው። «የታክስ_መጣኔ» በለውና ዋጋው እንደፈቀደ ይሁን። «አንድ»ንማ ተወው፣ እሱ አንድ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን።

ልጁ፦ እሺ፣ ዶላርስ? «የዶላር_ዋጋ = 57» ብዬ ቆልፌዋለሁ።

እትዬ፦ (ሲኒያቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ)

ሳቁ ሲበርድ እንናገር። ዶላር ተቆልፎ የኖረበት ዘመን ነበር። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በመንግሥት ዋጋ 2.07 ብር ነበር፤ ያን ጊዜ ኮድ የሚጽፍ ቢገኝ ኖሮ ቁጥሩን ቆልፎ ተኝቶ ያድር ነበር። በ1985 ዓ.ም. 5 ብር ሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 መንግሥት ገበያው ይወስን ሲል ደግሞ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በአንድ ቀን 74 ብር አካባቢ ደረሰ። ስለዚህ ምንዛሪ ኮንስታንት ለመሆን አይበቃም። ፕሮግራሙ በየዕለቱ ከባንክ ይቀበለው፤ ቫሪያብል ነው።

ከዶላር የሚብሰው ቋሚ መስሎ የሚያታልለው ነው። የፈረንጁን ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ለመመለስ «8 ቀንስ» ብሎ የሚቆልፍ ስንቱ ነው? ከፈረንጆቹ ጥር እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ነው፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ታኅሣሥ ማብቂያ ግን 7 ነው። በጥቅምት የተመዘገበ ተማሪ በዚያ ፕሮግራም የዓምናው ተማሪ ይሆናል። «ጳጉሜን = 5» ያለም ሦስት ዓመት ሲደላው ኖሮ የሉቃስ ዘመን ሲያልቅ በስድስተኛዋ ቀን ይወድቃል። እነዚህ በስሌት የሚወጡ እንጂ በቁጥር የሚቆለፉ አይደሉም።

መሪጌታ፦ የሉቃስን ዘመን ሳታውቅ ነው ለአገሩ ካላንደር የምትሠራው?

ልጁ፦ አንቱ ደግሞ ኮድ ሳይችሉ ነው የሚያርሙኝ።

መሪጌታ፦ እኔ ኮድህን መች አረምኩ፤ ያረምኩት ዓመቱን ነው።

ሰባተኛ ዙር፦ ቁልፉ ይይዛል?

ልጁ፦ እሺ የመጨረሻ። ፓይተን ቋሚ ብዬ የጻፍኩትን በታች ብቀይረው ዝም ነው የሚለኝ። ታዲያ ምኑን ቆለፍኩት?

መሪጌታ፦ ታዲያ ቋሚ መሆኑን ሰው በምን ያውቃል?

ልጁ፦ ስሙን በላቲን ትልልቅ ፊደል ይጽፉታል፤ ያየ ሰው አፍሮ አይነካውም። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ የለውም።

መሪጌታ፦ የእኛ ፊደል እኩል ነው፤ በመጠን አይኮራም። አንተ ቋሚዎችህን ለብቻ ፋይል ሰብስብና ፋይሉን «ቤተ_ልሔም» በለው። ሌላው ፋይል ሁሉ ከዚያ ያስመጣ፣ ማንም እዚያ ገብቶ አይጻፍ።

መሪጌታ ሳያውቁት ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች የሚያደርጉትን ተናገሩ። ልጁ ያልነገራቸው አለ። ጃቫስክሪፕት «ኮንስት» ብለህ ያሰርከውን ስም እንደገና ሌላ ዋጋ ብትሰጠው ፕሮግራሙን አቁሞ ስሕተት ነው ይልሃል፤ የጃቫው «ፋይናል»ም እንዲሁ አያሳልፍም። እዚያም ግን ጀማሪን የምትጥል ጉድጓድ አለች። በ«ኮንስት» የታሰረው ዝርዝር ከሆነ የታሰረው ስሙ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ መጨመርም መቀነስም ይቻላል። የበዓላቱን ተውሳክ በዝርዝር አስቀምጦ «ቆልፌዋለሁ» ያለ ሰው አንዱ ባልደረባው 69ኙን 70 ሲያደርግበት ትንሣኤን ሰኞ ሲያከብር ያገኘዋል። ዝርዝሩንም ማርጋት ከፈለገ ፓይተን ውስጥ ተፕል፣ ጃቫስክሪፕት ውስጥ «ፍሪዝ» የተባለውን ይጠቀም።

መሪጌታ፦ እኛ ጋ ይዘት ያለበትን ፊደል ርክርክ ብታደርገው ኤረር የሚል ማሽን የለም።

ልጁ፦ ታዲያ ማን ያርመዋል?

መሪጌታ፦ ማኅሌቱ በሙሉ ዞሮ ያይሃል። ከዚያ ወዲህ አትደግመውም።

እትዬ፦ አራት ለአንድ። በረካውን ጠጥታችሁ ተነሡ፤ እኔም ሥራ አለብኝ።

ልጁ ከበዓል ሲመለስ እውነትም አረመው። ሁለቱ 600 ሁለት ስም አገኙ፣ ሰዓቱም ወደ 3600 ሰከንዱ ተመለሰ፤ የሠራተኛው ደመወዝ ከኮዱ ወጥቶ መዝገቡ ውስጥ ገባ። ይህን ጨርሶ ሲወጣ ዘበኛው በሩ ላይ ጠበቀው።

«ቋሚ የሚባል ነገር ተምረህ መጣህ አሉ። ማንም የማይነካው ነው አሉ።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያችን 12000 በእሱ ጻፍልኛ።»

«አይሆንም፣ ጋሼ። ደመወዝ ቋሚ አይደለም፤ ተለዋዋጭ ነው።»

«ስገባ 1600፣ ዛሬም 1600። ከዚህ የበለጠ ቋሚ ከየት ልታመጣ ነው?»